የእስያ የውጊያ ጥበቦች በእርግጥ የመነኮሳት ቅርስ ናቸውን?

ከአንድ አባት የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ልጄ ቴኳንዶ ይሠለጥናል። አሠልጣኙ ጥበቡ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የጀመረ መንፈሳዊ መንገድ እንደሆነ፣ ምዕራባውያን ግን ወደ ስፖርትና ወደ ፊልም ለውጠው እንዳበላሹት ለልጆቹ ይነግራቸዋል። ዘመዶቼ ደግሞ ልጁ ሥልጠና ሲጀምርና ሲጨርስ የሚያጎነብሰው ለባዕድ አምልኮ ነው ይሉኛል። እውነቱ የትኛው ነው? ምዕራባውያን የተሳሳቱትስ ምኑን ነው?»

ሁለቱ አስተያየቶች ተቃራኒ ቢመስሉም መነሻቸው አንድ ነው። አሠልጣኙም ሆነ ዘመዶችዎ ጥበቡ ከሥሩ ሃይማኖታዊ ነው ብለው ያምናሉ፤ ልዩነታቸው አንዱ ስለ ወደደው ሌሎቹ ስለ ፈሩት ብቻ ነው። የእኔ ምላሽ ይህንኑ መነሻ የሚመረምር ነው። ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቀው፣ ጥንታዊና ገዳማዊ፣ ከውጊያ ይልቅ የሰላም መንገድ ነው የሚባለው የውጊያ ጥበብ መልኩን የያዘው በአብዛኛው ከ1880ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ባሉት ዓመታት ነው። ይህን መልክ የሰጡትም ምዕራባውያን ብቻ ሳይሆኑ አገራቸውን ለማዘመን ይተጉ የነበሩ የእስያ ምሁራንና መምህራን ጭምር ናቸው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስለ ፊልሙ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በእኛም ከተሞች በሲኒማ ቤቶች፣ በኋላም በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤቶች የታዩት የሆንግ ኮንግ ፊልሞች በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ተዋጊና በአንድ ጣት የሚገድል ሽማግሌ አስለምደውናል። እነዚህ ገጸ ባሕርያት ከቻይና የጀብዱ ልቦለዶች የወጡ ናቸው፤ የቻይና ተመልካችም እንደ ታሪክ አይወስዳቸውም። ከዚህ ይልቅ ሥር የሰደደው ስሕተት የመጣው ፊልም ከማይመለከቱ፣ ነገር ግን መጽሐፍ ከሚያነቡ ምዕራባውያን ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ የኦይገን ሄሪገል ታሪክ ነው። እኚህ ጀርመናዊ የፍልስፍና መምህር ከ1924 እስከ 1929 በጃፓን ሰንዳይ ከተማ በሚገኘው በቶሆኩ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። ቀድሞውንም ልባቸው ያዘነበለው ወደ ምሥጢራዊ ሃይማኖት ስለ ነበረ፣ በተመስጦ ላይ ወደሚያተኩረው የቡድሂዝም ዘርፍ ወደ ዜን የሚያደርስ በር ይሆነኛል ብለው አዋ ኬንዞ ከተባሉ መምህር ዘንድ የቀስት ጥበብን መማር ጀመሩ። በ1948 ያሳተሙት ትንሽ መጽሐፍ ቀስትና ዜን አንድ መሆናቸውን ለአውሮፓና ለአሜሪካ አንባቢ ሰበከ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ማንኛውም የእስያ የውጊያ ጥበብ የሚጽፍ ምዕራባዊ ሁሉ ይህንኑ መነጽር አደረገ ማለት ይቻላል።

ያማዳ ሾጂ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ ጉዳዩን ከሥሩ ሲመረምሩ ያገኙት ግን ሌላ ነው። አዋ ኬንዞ በዜን መምህር ሥር ሠልጥነው አያውቁም፤ የሚያስተምሩት ራሳቸው የመሠረቱትንና በጊዜው ሌሎች ጃፓናውያን ቀስተኞች እንኳ እንግዳ ይሉት የነበረውን ትምህርት ነበር። ሄሪገል የመምህሩን ቃል የሚሰሙት ባልደረባቸው በነበሩት በኮማቺያ ሶዞ አስተርጓሚነት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ እጅግ የታወቀው ታሪክ፣ መምህሩ በጨለማ ሁለት ፍላጻ ወርውረው የመጀመሪያው የዒላማውን መካከል ሲመታ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ጭራ ሰንጥቆ እንደ ተተከለ የሚናገረው፣ አስተርጓሚው ባልነበሩበት ሌሊት የሆነ ነው። ኮማቺያ ቆየት ብለው ስለ ነገሩ መምህሩን ራሳቸውን ሲጠይቋቸው፣ አዋ ነገሩ አጋጣሚ እንደ ነበረና እንዲህ ያለ ትርኢት ለማሳየት እንዳላሰቡ መለሱ። በእኔ ግምት ይህ መልስ ከመጽሐፉ ሁሉ ይልቅ የመምህሩን ታላቅነት ያሳያል፤ ዓለም ያስታወሰው ግን ሌላውን ነው። መጽሐፉ ወደ ጃፓንኛ ተተርጉሞ ተመልሶ ከገባ በኋላማ የገዛ ጥበባቸውን በጀርመናዊው ቃል የሚያብራሩ ጃፓናውያን ተገኙ።

የሳሙራይ የክብር ሕግ ተብሎ የሚታወቀው ቡሺዶም ተመሳሳይ ጉዞ አለው። እርሱን ለምዕራቡ ዓለም ያስተዋወቀው መጽሐፍ በ1900 የወጣው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ጸሐፊው ኒቶቤ ኢናዞ ደግሞ የኩዌከር ማኅበር አባል የሆኑ ክርስቲያን ነበሩ። ለመጻፍ ያነሣሣቸውም አንድ የቤልጅግ የሕግ ምሁር የሃይማኖት ትምህርት በትምህርት ቤት ሳይሰጥ ልጆቻችሁ ግብረ ገብ ከወዴት ይማራሉ ብለው የጠየቋቸው ጥያቄ ነበር። መልሱን ሲሹ ያገኙት የሳሙራይን ሥነ ምግባር ነው፤ ያስረዱትም ከአውሮፓ የፈረሰኞች ክብር ጋር እያነጻጸሩ ነው። በጃፓን ለረጅም ዘመን የኖሩት እንግሊዛዊው ምሁር ባዝል ሆል ቼምበርሊን በ1912 ይህ ቡሺዶ የሚባለው ነገር ገና ትናንት የተፈጠረ አዲስ ሃይማኖት ነው ብለው ተሟገቱ። አገላለጻቸው የተጋነነ ነው፤ የጦር መደብ የሆኑ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው የሚሰጡት ምክርና ሥርዓት በጽሑፍም በልማድም ነበርና። ነገር ግን ያ ሁሉ አንድ ወጥ ሕግ ሆኖ መቅረቡ የዘመናዊው መንግሥት ሥራ እንደ ነበረ በትክክል አስተውለዋል።

አሠልጣኙ ምዕራባውያን ጥበቡን ወደ ስፖርት ለውጠው አበላሹት ማለታቸውም ከታሪኩ ጋር አይሄድም። ጁዶን የመሠረቱት ካኖ ጂጎሮ በ1882 ኮዶካን የተባለውን ማሠልጠኛ የከፈቱት በቶኪዮ ኤይሾጂ በተባለ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው፤ ይህን የሚሰማ ሰው ወዲያው መነኮሳትን ያስባል። ካኖ ግን ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበሩ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሲሆኑ ከቤተ መቅደሱ የፈለጉት ምንጣፍ ሊዘረጋበት የሚችል ክፍል ነበር። የጁዶ ዋና መርህ ብለው ያስተማሩት ኃይልን በሚገባና በብቃት መጠቀምን ሲሆን፣ በውስጡ በተማሪነታቸው ያነበቡት የእንግሊዝ ፍልስፍና ተጽዕኖ ይታያል። በ1909 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የመጀመሪያው እስያዊ አባል የሆኑትም እርሳቸው ናቸው። ለካኖ አካል ማሠልጠን፣ ዜጋ ማነጽና ውድድር አንድ ላይ የሚሄዱ ነገሮች ነበሩ።

ስለ ካራቴ የሚባለው ደግሞ ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ካራቴ የተወለደባት ኦኪናዋ እስከ 1879 ድረስ የራሷ ንጉሥ የነበራት የሪዩክዩ ምድር ስትሆን ጃፓን ያጠቃለለቻት በዚያ ዓመት ነው። ጥበቡን ከመምህራን ግቢ አውጥተው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ያስገቡት ኢቶሱ አንኮ በ1908 ለትምህርት ባለሥልጣናት ደብዳቤ ጻፉ፤ የደብዳቤው መክፈቻ ቃል ካራቴ ከቡድሂዝምም ሆነ ከኮንፊሽየስ ትምህርት የመጣ እንዳልሆነና ከቻይና ወደ ኦኪናዋ የገባ መሆኑን የሚገልጽ ነው። ቀጥለውም ሥልጠናው ለአገር ጠንካራ ወታደር እንደሚያፈራ ሲያስረዱ ናፖሊዮንን ያሸነፈውን የእንግሊዝ መስፍን ዌሊንግተንን፣ ድሉ የተገኘው አስቀድሞ በትምህርት ቤት ሜዳ ነው በሚል ከሚነገርለት አባባል ጋር፣ በምስክርነት ጠሩ። እንግዲህ ካራቴን ለትምህርት ቤት ያበቃው ሰነድ ቡድሂዝምን ሲያስተባብል አውሮፓዊ ጄኔራልን ይጠቅሳል። ጥንታዊና ንጹሕ የሆነውን እስያዊ ጥበብ ለሚፈልግ ሰው ይህ ደብዳቤ የሚመች ንባብ አይደለም።

የኢቶሱ ተማሪ የነበሩት ፉናኮሺ ጊቺን በ1922 ጥበቡን ወደ ቶኪዮ ወሰዱ። የቻይና ስም የያዘ ነገር በዚያ ዘመን በጃፓን ዋና ከተማ አይወደድም ነበርና የእንቅስቃሴዎቹ የቻይና ስሞች በጃፓንኛ ተተኩ፤ «የቻይና እጅ» ተብሎ ይጻፍ የነበረው የጥበቡ ስም «ባዶ እጅ» ተብሎ መጻፍ የጀመረ ሲሆን በ1936 በናሃ ከተማ የተሰበሰቡ የኦኪናዋ መምህራንም ይህን ተቀበሉ። ነጩ የደንብ ልብስና ጥቁሩ ቀበቶ ከጁዶ የተወሰዱ ናቸው። ካኖ የደረጃውን ሥርዓት በ1880ዎቹ ሲጀምሩ የተከተሉት ጎ የተባለውን የገበታ ጨዋታ ተጫዋቾች የሚመደቡበትን ደረጃ ነው። ከነጭ እስከ ጥቁር ያሉት ብዙ ባለ ቀለም ቀበቶዎች ደግሞ በአውሮፓ የጁዶ ክለቦች ውስጥ ነው የተስፋፉት። በረድፍ ተሰልፎ በቁጥር ትእዛዝ መምታትም ከመነኮሳት ሳይሆን ከትምህርት ቤት ጂምናስቲክና ከጦር ሠራዊት ልምምድ የመጣ ነው።

የሰላሙ ስብከትም የራሱ ዘመን አለው። በጦርነቱ ዓመታት እነዚህ ጥበቦች በጃፓን ትምህርት ቤቶች ለጦር ዝግጅት አገልግለዋል፤ ስለዚህም በ1945 ድል ያደረጉት አሜሪካውያን በትምህርት ቤት እንዳይሰጡ ከለከሉ፣ በማግስቱም ዓመት ዋናው የጥበቦቹ ብሔራዊ ማኅበር ተዘጋ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተመልሰው ሲፈቀዱ መምህራኑ የውጊያውን ገጽታ ዝቅ አድርገው የባሕርይ ማነጫና የስፖርት ገጽታውን ከፍ ማድረግ ነበረባቸው። በኦኪናዋና በጃፓን የጦር ሰፈሮች ለአጭር ጊዜ ተመድበው ጥበቡን የተማሩት አሜሪካውያን ወታደሮች የሰሙት በአመዛኙ ይህን አቀራረብ ነው፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱም ጥቁር ቀበቶአቸውን ይዘው ማሠልጠኛ ከፈቱና የሰሙትን እንደ ጥንታዊ ጥበብ አስተላለፉት።

ታዲያ ሻዎሊንስ? እርግጥ ነው፣ በቻይና ሄናን ግዛት የሚገኘው የሻዎሊን ገዳም መነኮሳት ተዋግተዋል፤ በ728 የቆመ የድንጋይ ጽሑፍ በ621 መነኮሳቱ የታንግ ሥርወ መንግሥት ልዑልና በኋላ ንጉሠ ነገሥት ለሆነው ለሊ ሺሚን እንደ ረዱ ይመሰክራል። የተዋጉት ግን ርስታቸውን ለመጠበቅና አሸናፊውን ወገን ለመደገፍ እንጂ ለተመስጦ አይደለም። ከአሥር መቶ ዓመት ገደማ በኋላ በሚንግ ዘመን ገዳሙ የታወቀው በዱላ ውጊያ ሲሆን የባዶ እጅ ፍልሚያው ቀስ እያለ የጎላው ከዚያ ወዲህ ነው። ከሕንድ የመጣው መነኩሴ ቦዲዳርማ የውጊያውን ጥበብ ለሻዎሊን መነኮሳት አስተማረ የሚለው ታሪክ መነሻው በ1624 የተጻፈ፣ የሐሰት መቅድም የተጨመረበት የሰውነት ማጠንከሪያ መጽሐፍ ነው። ይህን ያጋለጡት ምዕራባውያን ሳይሆኑ በ1930ዎቹ ታንግ ሃዎ የተባሉ ቻይናዊ የታሪክ ተመራማሪ ናቸው። ባለ ጥበቦቹ አልተደሰቱባቸውም፤ ታሪኩም እስካሁን በየማሠልጠኛው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል።

ይህን ሁሉ የምለው ጥበቦቹ ባዶ ናቸው ለማለት አይደለም። ባህላዊ ትርጉማቸው ያለው ምዕራባዊው አድናቂ በማይመለከትበት ስፍራ ነው። በሰሜን ቻይና የውጊያ ጥበብ በመጀመሪያ ደረጃ እንጀራ ነበር፤ ብርና ሸቀጥ ከከተማ ወደ ከተማ የሚያጅቡ ድርጅቶች ይቀጥሯቸው የነበሩ ሰዎች ባቡር ሲመጣ ሥራቸውን አጥተው ወደ ማስተማር ዞሩ። ሊቃውንቱ ወታደርን የሚንቁበት አገር ስለ ነበረ፣ ከመልካም ብረት ምስማር አይሠራም፣ መልካም ሰውም ወታደር አይሆንም ይባል ነበር፤ የጥበቡ ባለቤቶች ገበሬዎች፣ አጃቢዎች፣ መድኃኒት ሻጮችና የሰፈር ጠባቂዎች ነበሩ። ተማሪ በመምህሩ ቤት የሚገባው በመስገድና ሻይ በማቅረብ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ መምህሩን እንደ አባት፣ አብረውት የሚማሩትንም እንደ ታላቅና ታናሽ ወንድም ይጠራል። ይህ ዝምድና ግዴታ አለበት፦ መጦር፣ መቅበር፣ ስም መጠበቅ። ወርኃዊ ክፍያ ከፍሎ የሚማር ሰው የማያየው ይህን ነው።

በኢንዶኔዥያ በምዕራብ ሱማትራ የሚናንግካባው ሕዝብ ወጣት ሲላት የተባለውን የውጊያ ጥበብ የሚማረው በሰፈሩ የጸሎት ቤት ከእኩዮቹ ጋር እያደረ ነበር፤ ከእስልምና ትምህርቱ ጋር አብሮ የሚይዘውና ከቤቱ ወጥቶ ወደ ባዕድ አገር ለመሰደድ የሚዘጋጅበት ስንቅ ነበር። በታይላንድ የሙዋይ ታይ ተፋላሚ ከፍልሚያው በፊት በዜማ ታጅቦ የሚያደርገው ሥርዓት ለመምህሩና ለወላጆቹ ምስጋና ነው፤ በራሱ ላይ የሚያስረው ቀለበትም በመነኩሴ የተባረከ ሊሆን ይችላል። ሃይማኖት ፈጽሞ የለም የሚል እንግዲህ ተሳስቷል። የሚገኘው ሃይማኖት ግን የተራው ሕዝብ ሃይማኖት ነው፤ ክታብ፣ በረከት፣ የመንደር ክብረ በዓልና የቀደሙ ሰዎች መታሰቢያ እንጂ ምዕራባዊው አንባቢ የሚወደው ጸጥተኛ ፍልስፍና አይደለም። በ1900 በሰሜን ቻይና የተነሡት፣ ቦክሰሮች የተባሉት ዓማፅያን መናፍስት አድረውብናል፣ ጥይት አይበሳንም ብለው ሲዋጉ አለቁ። ይህም የጥበቡ ባህል አንድ ክፍል ነው፤ በየማሠልጠኛው የሚነገር ግን አይደለም።

ምዕራባውያን ከሁሉ ይልቅ ያልተረዱት ግን በካራቴ ካታ የሚባሉትንና በቴኳንዶ ፑምሴ ወይም ፓተርን የሚባሉትን በቅደም ተከተል የተቀናበሩ እንቅስቃሴዎች ይመስለኛል። አንዳንዱ ጭፈራ ናቸው ይላል፤ ሌላው ከማይታይ ጠላት ጋር የሚደረግ ፍልሚያ ያደርጋቸዋል። ነገሩ ለእኛ ለማስረዳት ቀላል ነው፦ የአብነት ተማሪ ዳዊትን በግእዝ በቃሉ የሚይዘው ትርጉሙን ሳያውቅ ሲሆን፣ ትርጓሜ ቤት እስኪደርስ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ፤ ያን ጊዜ ግን የሚፈታለት ነገር አስቀድሞ በውስጡ ተቀምጧል። ካታም መጽሐፍ በሌለበትና በሚደበቅበት ስፍራ ዕውቀትን በሰው አካል ውስጥ የሚያኖር ማኅደር ነው። ፉናኮሺ በወጣትነታቸው በመምህራቸው ግቢ በሌሊት ሦስት ተመሳሳይ ካታዎችን ብቻ ሲደጋግሙ አሥር ዓመት ያህል እንዳሳለፉ ጽፈዋል። ትምህርቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ሕፃናት ስለሚጎዱበት አደገኛው ትርጓሜ ተቀነሰና እንቅስቃሴው ብቻ ተላለፈ፤ ብዙ ምዕራባውያንም፣ እውነቱን ለመናገር ብዙ እስያውያንም፣ የተቀበሉት ያለ ትርጓሜው ነው።

ስለዚህ «አይሠራም» የሚለው የዘመናችን ትችት ግማሽ እውነት አለው። በ1993 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ልዩ ልዩ ጥበቦች በተፋለሙበት የመጀመሪያው ዩ.ኤፍ.ሲ. ውድድር ብራዚላዊው ሆይስ ግሬሲ ሲያሸንፍ የባህላዊ ጥበቦች ዘመን አከተመ ተባለ። ነገር ግን የግሬሲ ቤተሰብ ጥበብ የመነጨው በ1914 ብራዚል ከደረሱት የኮዶካን ሰው ከማኤዳ ሚትሱዮ ነው። በቻይናም በ2017 ሹ ሻዎዶንግ የተባለው ተፋላሚ ታይ ቺ የተባለውን ባህላዊ የቻይና ጥበብ የሚያስተምር አንድ መምህርን በሰከንዶች ውስጥ ሲጥል ክርክሩ የተቀጣጠለው በቻይናውያን መካከል ነበር። ጥበቡ ለፍልሚያ ይጠቅም እንደሆነ የሚለየው በአገሩ ሳይሆን ተማሪው እምቢ ከሚል ባላጋራ ጋር ይለማመድ እንደሆነ ነው፤ ካኖ ይህን ገና በ1880ዎቹ ተረድተው ነጻ ትግልን የሥልጠናው ማዕከል አድርገዋል።

ወደ ልጅዎ ሥልጠና ስንመጣ፣ ቴኳንዶ የሚለው ስም የወጣው በ1955 ነው፤ በስሙ መውጣት ዋና ድርሻ የነበራቸው ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ በተማሪነታቸው በጃፓን ካራቴ ተምረዋል፤ ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሴኡል የተከፈቱት የመጀመሪያዎቹ ማሠልጠኛዎች መምህራንም ብዙዎቹ እንዲሁ ነበሩ። ከጃፓን ቅኝ አገዛዝ ገና የወጣች ኮሪያ የብሔራዊ ስፖርቷን መሠረት በጃፓን ጥበብ ላይ ለማሳየት ስላልፈለገች ታሪኩ ወደ ጥንታዊው የሲላ መንግሥት ወጣቶች ተሳበ። አሠልጣኙ ያስተላለፉት ከእርሳቸው በፊት በመማሪያ መጻሕፍት የተጻፈውን ነው። ቴኳንዶ ከ2000 ጀምሮ ሙሉ የኦሊምፒክ ስፖርት ነው፤ ይህን የታገሉለትም ኮሪያውያን ራሳቸው ናቸው።

ማጎንበሱን በተመለከተ፣ በቴኳንዶ ክለቦች እጅ የሚነሣው በተለምዶ ለሰንደቅ ዓላማ፣ ለአሠልጣኙና ለተፋላሚው ነው፤ ይህም በኮሪያና በጃፓን ነጋዴም ተማሪም ዘወትር የሚለዋወጠው ሰላምታ ነው። በአሜሪካ ዋሺንግተን ግዛት ጁዶ ተወዳዳሪዎች ማጎንበሱ ከሃይማኖታችን ጋር ይጋጫል ብለው ሲከሱ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2002 ለውድድሩ አዘጋጆች ፈርዷል። ይሁን እንጂ ዘመዶችዎን በሙሉ ልብ ተሳስታችኋል አልልም። በጃፓን ባሉ አንዳንድ ማሠልጠኛዎች ከፊት ለፊት ግድግዳ ላይ ሺንቶ የተባለው የጃፓን ሃይማኖት አማልክት የሚታሰቡበት መደርደሪያ ይሰቀላል፤ ወደዚያ እጅ መንሣት ለአንዳንዱ ጃፓናዊ ልማድ ብቻ ሲሆን ለሌላው ግን አምልኮ ነው፤ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ተማሪ አልሰግድም ማለቱ ተገቢ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ከልጅዎ ጋር ይሂዱና ወደየት አቅጣጫ እንደሚያጎነብሱ ይመልከቱ፤ በዚያ የተሰቀለው ሰንደቅ ዓላማ ወይም የመሥራቹ ፎቶግራፍ ከሆነ የሚያሰጋዎት ነገር የለም፤ ሌላ ነገር ከሆነ ደግሞ ልጁ ለሰው ብቻ እጅ ነሥቶ እንዲሠለጥን አሠልጣኙን ይጠይቁ፤ ይህን መፍቀድ ከሥልጠናው አንዳች ነገር አያጎድልም።